ከ16 እስከ 23 ያሉትንም አትሙልን

ይድረስ ለስፖርት ዝግጅት ክፍል፤

የአውሮፓ ክለቦች የራግቢ ጥሎ ማለፍ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ሲጋጋል የውጭ ስፖርት ገጻችሁ ሁለት አንቀጽ ይሰጠዋል። ምስጋና ይገባችኋል፤ ሌላ ቦታ ያንንም አናገኝም። ቅር የሚያሰኘን ቅድመ ዘገባው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፦ ከ1 እስከ 15 ያሉት ቋሚ ተሰላፊዎች፣ በሊጉ ብዙ ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚው ግብ መስመር ባሻገር መሬት ላይ ማሳረፍ) ያስቆጠረው የክንፍ ተጫዋች፣ የመጨረሻዎቹ አምስት ጨዋታዎች ውጤት። ለእግር ኳስ ይህ ይበቃ ይሆናል። በራግቢ ግን ተቀናቃኝ ክለቦች በጥሎ ማለፍ ሲገናኙ ጨዋታውን የሚጨርሱት አብዛኛውን ጊዜ ከ16 እስከ 23 ቁጥር የለበሱት ተቀያሪዎች ናቸው። የእነሱ ስም ገጻችሁ ላይ አይወጣም።

የደብሊኑን ሌንስተር ሦስት ተከታታይ የፍጻሜ ጨዋታዎች እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 ማርሴይ ላይ ከፈረንሳዩ ላ ሮሼል ጋር ሲጫወት ያገኛቸው 21 ነጥቦች በሙሉ ከቅጣት ምት የመጡ ነበሩ፤ ሰባት ምት፣ እያንዳንዱ ሦስት ነጥብ። ሰዓቱ 79ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ይመራ ነበር። ላ ሮሼል ግን የሌንስተርን ግብ መስመር ደጋግሞ ሲገፋ ቆይቶ ተቀይሮ የገባው አርተር ረቲዬር ኳሷን አሳረፋትና 24 ለ21 አለቀ። በ2023 ሁለቱ ክለቦች እንደገና ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ደብሊን፣ አቪቫ ስታዲየም። ሌንስተር ገና በ12 ደቂቃ 17 ለ0 መርቶ 27 ለ26 ተሸነፈ። በ72ኛው ደቂቃ ትራይ ያስቆጠረው ጆርጅ አንሪ ኮሎምብ ተቀይሮ የገባ ፕሮፕ፣ ማለትም የፊት መስመር ገፊ፣ ነው። ሌንስተር በመጨረሻው ደቂቃ ለመመለስ ሲታገል ቀይ ካርድ ያየው ማይክል አላአላቶአም እንዲሁ ተቀይሮ የገባ ፕሮፕ ነበር። በ2024 ለንደን ላይ ከቱሉዝ ጋር መደበኛው ሰዓት 15 ለ15 ሊያልቅ ሲል፣ ከተቀያሪ ወንበር የተነሳው ኪራን ፍሮሊ የመታው ድሮፕ ጎል (ኳሷን መሬት አንጥሮ ወደ ቋሚዎቹ መምታት) ከቋሚው ውጭ አለፈ፤ በተጨማሪው ሰዓት ቱሉዝ 31 ለ22 አሸነፈ። በሦስቱም ዋዜማ የታተመውን የቋሚ ተሰላፊዎች ዝርዝር ያነበበ ሰው ከእነዚህ ከአራቱ የአንዱንም ስም አላየም።

ምክንያቱ ያለው ስክረሙ ውስጥ፣ ማለትም ስምንት በስምንት ተያይዘው ለኳሷ በሚገፋፉበት ውስጥ፣ ነው። የፊት መስመሩ ሦስት ሰው ነው፦ ግራ ፕሮፕ (1)፣ ሁከር (2)፣ ቀኝ ፕሮፕ (3)። የግራው ፕሮፕ ጭንቅላት አንድ ጎኑ ነፃ ነው። የቀኙ ግን ጭንቅላቱን በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል ይከታል፤ የተቃራኒው ፕሮፕና ሁከር ሁለቱም የሚጫኑት እሱን ነው። ከኋላው የራሱ ቡድን ክብደት አለ፣ ከፊቱ ደግሞ የተጋጣሚው ስምንት ሰው፣ አንድ ላይ 900 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን። ዳኛው «ዝቅ በሉ፣ ተያያዙ፣ ግጠሙ» ብሎ ሁለቱ ሲጋጠሙ ቀኝ ፕሮፕ ወገቡን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት። 50ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሦስት ምልክት ይታያል። መጀመሪያ ዳሌው ከትከሻው በላይ ይነሳል። ቀጥሎ የተጋጣሚውን ማልያ የያዘበት ክንድ ክርኑ ወደ መሬት ይወርዳል። በመጨረሻ ጉልበቱ ሣሩን ይነካና ስክረሙ ይፈርሳል፤ ዳኛውም እጁን ወደ ሌላው ቡድን ያነሳል። ቴሌቪዥን ላይ የተንጋጋ ክምር ይመስላል። እስከ ክርኑ ብቻ ያየ ተመልካች ግን ቅጣቱ ከመነፋቱ በፊት ያውቀዋል።

ያቺ አንዲት ቅጣት ምን እንደምታመጣ ካልተጻፈ አንባቢ የጨዋታውን መገልበጥ አይረዳውም። የተቀጣውን ቡድን የሚጋፈጠው ወገን ኳሷን በቀጥታ ወደ ውጭ ይመታታል፤ ከቅጣት ምት የወጣች ስለሆነች ላይንአውቱን (የወጣችው ኳስ ከጠርዝ የምትመለስበትን ውርወራ) የሚወረውረው ራሱ ነው። በደንብ ከተመታች ውርወራው ከግብ መስመሩ አምስት ሜትር ላይ ይሆናል። አንዱ ዘሎ ይይዛታል፣ ሌሎቹ ከበውት ማውል ይሠራሉ፣ እየገፉ ይሄዳሉ። ተከላካዩ ሁለት ምርጫ አለው፦ ቆሞ መግፋት ወይም ማፍረስ። ካፈረሰ ሌላ ቅጣት ነው። ሲደጋገም ዳኛው አምበሉን ጠርቶ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ የሚመጣው ቢጫ ካርድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ በ14 ሰው ነው። ማፍረሱ የማይቀር ትራይ ካስቀረ ደግሞ ኳስ መምታት ሳያስፈልግ 7 ነጥብ ይሰጣል። እንግዲህ የደከመ አንድ ፕሮፕ ክርን ወርዶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰባት ነጥብና አንድ ተጫዋች ሊወስድ ይችላል። ቢጫ የተሰጠው ራሱ የፊት መስመር ተጫዋች ከሆነ ይብሳል፤ ስክረም ሲመጣ ከወንበር ሌላ የሠለጠነ ሰው ማስገባት ግድ ነው፣ ለዚያም ቡድኑ ሌላ ጤነኛ ተጫዋች ያስወጣል።

16፣ 17 እና 18 ቁጥር ለባሾቹ ይህን ለመከላከል የተቀመጡ ናቸው፦ ሁከር፣ ግራ ፕሮፕ፣ ቀኝ ፕሮፕ። ስለዚህ ዘጋቢያችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ይሄ ይሁን፦ 18 ቁጥር ማን ነው? ቋሚው 3 ቁጥር ዝነኛ ሆኖ ተተኪው ገና የ21 ዓመት ልጅ ከሆነ፣ ያ ቡድን በ55ኛው ደቂቃ 10 ነጥብ ቢመራም ገና አልዳነም።

19 እና 20 አብዛኛውን ጊዜ ሎክና ፍላንከር ናቸው፤ ሁለቱም በስክረሙ ከፊት መስመሩ ኋላ ሆነው ይገፋሉ። 21 ስክረም ሃፍ (ኳሷን ከስክረሙ የሚያወጣው)፣ 22 ፍላይ ሃፍ (ጨዋታውን የሚመራው)፣ 23 ከኋላ መስመር የትም ቦታ የሚጫወት። አምስት ፊት፣ ሦስት ኋላ፤ የተለመደው ይህ ነው። አንዳንድ አሠልጣኝ ግን ስድስት ለሁለት ያደርገዋል፣ የመጨረሻዎቹን 30 ደቂቃዎች በትኩስ ጉልበት ለመጨፍለቅ። ሲሠራ ያስፈራል። አደጋው ያለው በጉዳት ነው። በ15ኛው ደቂቃ አንድ የኋላ መስመር ተጫዋች ጡንቻው ተሸማቀቀ፣ ሌላው ጭንቅላቱን ተመቶ ለ12 ደቂቃ ምርመራ ወጣ እንበል፤ ሁለቱም የኋላ ተቀያሪዎች አለቁ። ሦስተኛ ሰው ከተጎዳ ፍላንከሩ ክንፍ ላይ ይቆማል፣ ተጋጣሚውም ኳሷን በእግሩ ወደዚያ ጥግ እየላከ ሲያስሮጠው ያመሻል። እኛ በግላችን ስድስት ለሁለትን የምንወደው ዝናብ ሲኖር ነው። ኳሷ ስታሟልጭ ከእጅ ወደ ፊት ትወድቃለች፣ ስክረም ይበዛል፣ የፊት መስመር ዋጋ ይጨምራል። በደረቅ ሜዳ ላይ ግን ቁማር ነው።

የሊግ ውጤትን በተመለከተም አንድ ነገር እንበል። የጊዮርጊስና የቡናን ጨዋታ በደረጃ ሰንጠረዥ የሚገምት ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ በአየርላንድም እንዲያው ነው። ሌንስተር የደብሊን ነው፣ ሰማያዊ። መንስተር የሊመሪክና የኮርክ፣ ቀይ። በ2006 ሌንስተር ቱሉዝን በቱሉዝ ከተማ 41 ለ35 በሚያስደንቅ የማጥቃት ጨዋታ ጥሎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰና በራሱ ከተማ፣ ላንስዳውን ሮድ፣ ከመንስተር ጋር ተገናኘ። ከተማው የሰማያዊዎቹ ቢሆንም ስታዲየሙን ቀይ ሞላው፤ ውጤቱ 30 ለ6 ለመንስተር። ከሦስት ዓመት በኋላ ተገለበጠ። መንስተር የዋንጫው ባለቤት ነበር፣ ሁሉም ያሸንፋል ያለው እሱን ነው። ላንስዳውን ሮድ እንደ አዲስ እየተሠራ ስለነበር ጨዋታው ለአየርላንድ ባህላዊ ስፖርቶች በተሠራው ክሮክ ፓርክ ተደረገ፤ ይህ ሜዳ ለራግቢ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። 82,208 ሰው ገባ፤ በጊዜው ለክለቦች የራግቢ ጨዋታ የዓለም ክብረ ወሰን። ሌንስተር 25 ለ6 አሸነፈ።

በዚያ ቀንም ወንበሩን ልብ በሉ። የሌንስተር ፍላይ ሃፍ ፌሊፔ ኮንቴፖሚ በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎዳ፤ በምትኩ የገባው ያኔ ብዙም የማይታወቀው ጆኒ ሴክስተን ገና እንደገባ ቅጣት ምት መትቶ አስቆጠረ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ደግሞ ብራያን ኦድሪስኮል የሮናን ኦጋራን ቅብብል አየር ላይ ነጥቆ ሮጠና ትራይ አደረገ። የመንስተሩ ኦጋራ ማለት በ2022 እና በ2023 ላ ሮሼልን አሠልጥኖ ሌንስተርን ሁለቴ ከዋንጫ ያራቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቂም ያለበትን ጨዋታ «ሌንስተር ከላ ሮሼል ቅዳሜ» ብሎ ማለፍ ለጋዜጣው ራሱ ኪሳራ ነው።

አቻ ቢሆንስ? ይህንንም ቀድማችሁ ጻፉልን፤ አንባቢ ተጨማሪ ሰዓት ሲጀመር ግራ ይጋባልና። በአውሮፓ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ 10 ደቂቃ በ10 ደቂቃ ይጨመራል። ከዚያም እኩል ከሆኑ ብዙ ትራይ ያለው ያልፋል። ትራዩም እኩል ከሆነ ኳስ መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ቋሚዎቹ መምታት ይመጣል። በ2009 ካርዲፍና ሌስተር በግማሽ ፍጻሜ 26 ለ26 ተለያይተው ወደዚህ ሲገቡ መምታት ሥራቸው ያልሆኑ ግዙፎች ሁሉ ተራ ደረሳቸው። የካርዲፉ ፍላንከር ማርቲን ዊሊያምስ ሳተ፣ የሌስተሩ 8 ቁጥር ጆርዳን ክሬን አገባ፣ 7 ለ6 አለቀ። ለተመልካች የማይረሳ፣ ለተጫዋች ግን ግፍ ነበር። በኋላ አሠራሩ ተቀይሮ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት መቺ ያቀርባል። በ2022 ሩብ ፍጻሜ መንስተርና ቱሉዝ ደብሊን ላይ 24 ለ24 ሆነው ቱሉዝ በዚህ መንገድ 4 ለ2 አለፈ። መንስተር በ2025 በሌላው ውድድር፣ በዩናይትድ ራግቢ ሻምፒዮንሺፕ ሩብ ፍጻሜ፣ ደርባን ላይ ከሻርክስ ጋር በተመሳሳይ 24 ለ24 ተለያይቶ 6 ለ4 ተሸንፏል። እዚህም ላይ ጥያቄው ከወንበር ጋር የተያያዘ ነው፦ አሠልጣኙ ዋናውን መቺ በ65ኛው ደቂቃ ካስወጣው፣ በመጨረሻ ኳሷ ፊት የሚቆመው 22 ቁጥር ነው።

በዱባይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ ከሰባት ሰዎቹ ራግቢ ጋር ይህን እንዳያምታቱት አንድ መስመር ብትጨምሩ አይከፋም። ያኛው በአንድ ወገን ሰባት ሰው፣ ሰባት ሰባት ደቂቃ ነው፤ እዚህ የተባለው ሁሉ እዚያ አይሠራም።

የሰዓቱንም ነገር አስተካክሉልን። በሚያዝያና በግንቦት ደብሊን፣ ለንደንና ካርዲፍ ከእኛ በሁለት ሰዓት ይዘገያሉ፣ ፈረንሳይ በአንድ ሰዓት ብቻ። ደብሊን 17፡30 የሚጀምር ጨዋታ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቱሉዝ ላይ በዚያው 17፡30 የሚጀምር ግን 12 ሰዓት ተኩል። በዲኤስቲቪ ለሚከታተል አንባቢ ይህች አንድ ሰዓት የመጀመሪያው አጋማሽ ማለት ናት። ከዕረፍቱና ከቪዲዮ ምርመራው ጋር 80 ደቂቃው ሁለት ሰዓት ገደማ እንደሚወስድም ጠቁሙ።

የ23ቱ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቀትር አካባቢ ስለሚወጣ ለቅዳሜ ዕትም ይደርሳል። ቦታ ከጠበበ የክንፍ ተጫዋቹን ፎቶ አሳንሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የራግቢ ተከታታይ አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ