ዓሣ ሻጮቹን ለምን ቆረጣችኋቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት የባህል ገጻችሁ ላይ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሂሮሺጌን «የኒሆንባሺ ማለዳ»፣ ከተቀረጸ ጣውላ የታተመውን ሥዕል፣ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙም አልቆየ። የግራውን ጥግ ቆርጣችሁ ጥላችሁታል! ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቦታ ሲጠብ ሥዕል እንደሚቆረጥ አላጣሁትም። መቀሱ ያረፈበት ቦታ ግን አናደደኝ።

እዚያ ጥግ ላይ ዓሣ ሻጮች ነበሩ። ኒሆንባሺ የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ድልድይ ነው። የዓሣ ገበያውም እዚያው አጠገብ ነበር። ሰዎቹ ዘንግ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ዓሣቸውን ተሸክመዋል። የአንድ መስፍን አጀብ ድልድዩ ላይ ብቅ ሲል ገለል ብለዋል። ከኋላቸው የመንግሥት አዋጅ የሚሰቀልበት ሰሌዳ ቆሟል። እንግዲህ አስቡት፦ በአንድ በኩል አጀብ፣ በሌላ በኩል አዋጅ፣ መሃል ላይ ደግሞ ካልተሸጠ የሚበላሽ ዓሣ።

እናንተ «ሰላማዊ ማለዳ» ብላችሁታል። ለማን? እ.ኤ.አ. በ1635 በሾጉኑ፣ ማለትም በጃፓን ወታደራዊ ገዢ፣ ደንብ ተወስኖ፣ መሳፍንቱ በአብዛኛው አንዱን ዓመት ኤዶ፣ አንዱን ዓመት ግዛታቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሚስትና ልጆቻቸው ኤዶ ይቀራሉ። መያዣ መሆናቸው ነው። ያ ሁሉ ሰው ገለል የሚልለት ጌታ ራሱ ታዞ ነው የሚጓዘው። ደግሞ ሥዕሉ ላይ የለም! የሚታዩት ሣጥን ተሸካሚዎችና ጫፋቸው በላባ የተሸፈነ ጦሮች ናቸው። እሱ ገና ከድልድዩ ጉብታ ወዲያ ነው።

በስተቀኝ ያሉትን ሁለት ውሾች ግን አልነካችኋቸውም። ተመስገን ነው። ማንም ቢያልፍ ጉዳያቸው አይደለም።

ሌላም አለኝ። «ሂሮሺጌ የሠራው» ብላችሁ አለፋችሁ። ንድፉ የሱ ነው። ጣውላውን የቀረጸው ግን ሌላ፣ ያተመው ሌላ፣ ገንዘቡን ያወጣው አሳታሚም ሌላ ነው። ለየቀለሙ ጣውላ ይቀረጻል። ወረቀቱ እንዳይዛነፍ ጣውላው ላይ መግጠሚያ ምልክት ይወጣለታል። ሰማዩ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄደው አታሚው ጣውላው ላይ ቀለሙን በእጁ እያቀጠነው ነው። እኛ በማሽን እየሠራን እንኳ አንድ ሚሊ ሲዛነፍ አለቃችን ያገላብጠን ነበር።

ሥዕሉን እባካችሁ ደግማችሁ አውጡት። ቢያንስም ግድ የለም፣ ሙሉውን ብቻ።

የቀድሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ