ሁለት ዉፈር ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ከማገናኘታችን በፊት

ለውድ ደንበኞቻችን፣

መኪናችሁ ላይ ዉፈር (ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ልታስገጥሙ ስትመጡ አምፕሊፋየሩን (ድምፁን የሚያጎላውን መሣሪያ፣ ባጭሩ አምፑን) ገልብጠን ጽሑፉን እናነባለን፣ ዉፈሩንም በቴስተር እንለካለን። «ዝም ብላችሁ ብታገናኙት ምን አለበት?» የሚለን ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዉፈሩ ላይ «4 ኦም» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ኦም ዉፈሩ ለከረንት (ለኤሌክትሪክ ፍሰት) ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ የሚገፋው ከረንት ይጨምራል። ሁለት ባለ 4 ኦም ዉፈሮችን በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ብናገናኝ አምፑ ላይ የሚያርፈው 2 ኦም ነው። በሲሪስ፣ ማለትም የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ካገናኘን፣ 8 ይሆናል።

በ2 ኦም ቤዙ ይበረታል፤ ሁሉም የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ግን አምፑ ይችለዋል ወይ? ባለ ሁለት ቻናል አምፖች ብሪጅ ሲደረጉ (ሁለቱ ቻናሎች፣ ማለትም የድምፅ መውጫዎች፣ ተጣምረው እንደ አንድ ሲሠሩ) አብዛኞቹ ከ4 ኦም በታች አይችሉም። 2 ኦም ከጫንንባቸው ይግላሉ፣ ቀዩ የፕሮቴክት መብራት ይበራል፣ ሙዚቃው ጸጥ ይላል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ባለቤቱም «ይኸው ሠራ» ብሎ ድምፁን ይጨምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምፑ ይቃጠላል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት አምፕ ይዛችሁ ከመጣችሁ የምንገጥምላችሁ በ8 ኦም ነው። ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አንዋሽም። ጉልበት ከፈለጋችሁ እስከ 2 ወይም 1 ኦም የሚችል ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አምፕ ግዙ።

ባለ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ዉፈር ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ኮይል 4 ኦም የሆነ ሁለት ዉፈር እንደ አገጣጠሙ 1፣ 4 ወይም 16 ኦም ይሰጣል። በቴስተር ሲለካ ባለ 4 ኦሙ ኮይል 3 ነጥብ ምናምን ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው።

ሁለቱም እየሠሩ ቤዙ ከጠፋ ደግሞ ዉፈሩን ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን እዩ። የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገልብጦ ከሆነ አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቤዙን እርስ በርስ ያጠፋፋሉ።

በአንድ ነገር ግን አንደራደርም። «ፊውዙ ይቅርና ዋጋ ቀንሱልኝ» የሚሉን አሉ። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን እንጂ ገመዱን አይደለም። ከባትሪው እስከ ኋላ ኮፈን የሚሄደው ገመድ መንገድ ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ እሳት ይነሳል። ፊውዙ ከባትሪው ከግማሽ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ መሆን አለበት፤ ያለ እሱ አንገጥምም።

ዉፈር ልትገዙ ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የአምፑን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። የትኛው እንደሚስማማው በነጻ እንነግራችኋለን።

ከሠላምታ ጋር፣
የመኪና ሙዚቃ ገጣሚዎቻችሁ