ያላወቀም ይጎዳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትማችሁ ያለፈ ቁስል መነካካት እንደሌለበት የሚመክረውን አስተያየት ካነበብኩ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ጸሐፊው ክፉ አሳቢ አይመስሉኝም። ቤተሰብም ሆነ አገር የትናንቱን እየቆፈረ ሰላም አያገኝም፣ አንዳንዱን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ይሻላል፣ ደግሞስ ያላወቀ ምን ይጎዳል ነው የሚሉት። ሌላውን ሁሉ በትዕግሥት አነበብኩት። ይህችን የመጨረሻዋን ግን ማለፍ አቃተኝ፤ ሳላውቅ ከተጎዱት አንዱ ነኝና።

ባደግሁበት ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ምስማር ነበር። ከምስማሩ ሥር ያለው ቀለም ከቀረው ግድግዳ ይልቅ ያልደበዘዘ ነው፤ አራት ማዕዘኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ነገር ለብዙ ጊዜ ተሰቅሎበት እንደነበር ሕፃንም አይስተውም። ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ «አባባ፣ እዚህ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። አልተቆጣኝም። የያዘውን ጋዜጣ በቀስታ አጠፈና ተነሥቶ ወጣ። እናቴም ቃል ሳትተነፍስ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስለ ምስማሩ ያነሳ ሰው የለም። እኔ ግን አባቴን ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ጥያቄ መጠየቅ ሰው እንደሚያባርር ተማርኩ። ትምህርት ቤት እጄን አላወጣም ነበር፤ መምህራን ዓይን አፋር ነው ይሉኛል።

ሌላም ነበር። ውኃ ያለበት ቦታ በደረስን ቁጥር እናቴ ክንዴን የምትይዝበት አያያዝ ጣቶቿ ሰንበር እስኪያወጡ ድረስ ነው። ውኃ ፈሪ ሆኜ አደግሁ፤ ለምን እንደምፈራ ግን ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። ከእኔ በፊት ወንድም እንደነበረኝና በሰባት ዓመቱ ውኃ እንደወሰደው የሰማሁት በ19 ዓመቴ ነው። ያውም አክስቴ የማውቅ መስሏት በወሬ መሀል ጣል ስታደርገው።

ወላጆቼን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። የቻሉትን አድርገዋል፤ ያንን ሁሉ የተሸከሙትም እኛ እንዳንከፋ ብለው ነው። ግን አልተሳካላቸውም፣ ሊሳካላቸውም አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሚሊ በትለር፣ ጄምስ ግሮስና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው መንፈስ የሚረብሽ ፊልም ያያሉ፤ ከዚያ ስለ አዩት ነገር ይጨዋወታሉ። ከጥንዶቹ በከፊሎቹ ውስጥ ለአንደኛዋ ብቻ ስሜትሽን በምንም መንገድ እንዳታሳዪ ተብሎ ተነግሯታል፤ ሌላይቱ ይህን አታውቅም። ባላወቀችው ሴት ላይ የደም ግፊቷ ጨመረ። ለጥቂት ደቂቃ፣ ከማታውቃት ሰው ጋር! እንግዲህ ለ13 ዓመት ከእናትና ከአባት ጋር የሆነውን አስቡት።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር ያለው ቃል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ነገር ተዳፈነ እንላለን። እሳት አመድ ለብሶ የሚዳፈነው ግን እንዲጠፋ አይደለም፤ እንዲያድር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል፦ ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ የታዘዙ ሰዎች ማሰቡ ሲፈቀድላቸው፣ ከመጀመሪያው አስቡ ከተባሉት የበለጠ ድቡ ተመላለሰባቸው።

ጸሐፊው ስለ አገርም አንስተዋልና ወደዚያው ልሂድ። አንድ ምሳሌ ብቻ በደንብ ላሳይ። በሶቪየት ኅብረት የደረሰው የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከፍንዳታው በኋላ የሆነውን ዝምታ ነው፤ ለእኔ የባሰው ከፍንዳታው በፊት የነበረው ነው። የዚያ ዓይነት ሪአክተር (የኑክሌር ኃይሉ የሚመነጭበት ክፍል) መቆጣጠሪያ ዘንጎች ጫፋቸው ምላሹን የሚያባብስ ግራፋይት ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ሳለ በአንዴ ወደ ውስጥ ሲለቀቁ ኃይሉን መቀነስ ትተው ለአፍታ ይጨምሩታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1983 ኢግናሊና በሚባለው ጣቢያ በሙከራ ታይቷል። የሚያውቁት አወቁት፣ ወረቀቱ ተዘዋወረ፣ በዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 ሌሊት ተረኛ የነበሩት ሠራተኞች ግን ጉዳዩ አልተነገራቸውም። ሪአክተሩን ለማቆም ቁልፉን ተጫኑ። ማዳኛ ነው ብለው የተጫኑት ቁልፍ ነው ኃይሉን ያናረው።

ሲነጋ ቅዳሜ ነበር፤ ጣቢያው አጠገብ ባለችው በፕሪፕያት ከተማ ልጆች ደጅ ሲጫወቱ ዋሉ። ወደ 49,000 የሚጠጋው ሕዝብ ከከተማዋ የወጣው 36 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ዓለም የሰማው በ28ኛው ቀን፣ ስዊድን ፎርስማርክ ያለ ጣቢያ የጨረር ማስጠንቀቂያ ካሰማ በኋላ ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሕፃናት አዮዲን 131 በሚባል ጨረር አመንጪ ነገር የተበከለ ወተት ጠጡ። አዮዲን 131 በየስምንት ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ነገር ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ያንን ወተት አትስጧቸው ቢባል ኖሮ፣ በኋላ በብዙ ሺህ ከተቆጠረው የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ካንሰር ብዙው በቀረ። እነዚያ እናቶች አላወቁም። አለማወቃቸው ምናቸውን አዳነ?

አፋኙም ቢሆን አይድንም። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ስታሊን እ.ኤ.አ. በጥር 1937 ሕዝብ ሲያስቆጥር 162 ሚሊዮን ወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ራሱ በአደባባይ የተናገረው 168 ሚሊዮን ነበር፤ መሀል ላይ የጎደለው በአመዛኙ የ1932 እና 1933 ረኀብ የበላው ነው። ቆጠራው ተሰረዘ፣ የቆጠራው ኃላፊዎች ታሰሩ፣ ተገደሉም። ከዚያ በኋላ ለዚያ መንግሥት እውነተኛ ቁጥር ይዞ የሚቀርበው ማን ነው?

የአርጀንቲና ግን ከሁሉም በላይ ከእኔ ጉዳይ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1983 በነበረው ወታደራዊ አገዛዝ፣ እስር ላይ ሳሉ የወለዱ እናቶች ልጆች ተወስደው ለሌላ ሰው ተሰጡ፤ በሌላ ስም አደጉ። አያቶቻቸው ፍለጋውን አልተዉም፤ በፍለጋና በዘር ምርመራ እስካሁን ከ130 በላይ የሚሆኑት ማንነታቸው ታውቋል። ጸሐፊው «ያላወቀ» የሚሉት እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነው። ከመካከላቸው ገና ከልጅነታቸው አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማን ነበር ያሉ አሉ። እኔ አምናቸዋለሁ። እነሱም የየራሳቸው ባዶ ምስማር ነበራቸው።

ይህን ስል የተጎዳን ሰው ተናገር ብሎ ማስገደድን አልደግፍም። መቼ፣ ለማን፣ ምን ያህል እንደሚናገር የሚወስነው ባለ ቁስሉ ነው፤ ቁጣን መዋጥም አዋቂነት ነው። በገዛ ፈቃድ ቃልን መቆጠብና የሌላውን አፍ መዝጋት ግን በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። ጽሑፉ ሁለቱን «መቻቻል» ብሎ ጠቅልሏቸዋል።

ባለፈው ዓመት አባቴን ጠየቅሁት። አሁን አርጅቷል፤ እኔም ተነሥቶ ቢወጣ እንደማላፍር ለራሴ ነግሬ ነው የገባሁት። አልተነሣም። ለረጅም ጊዜ እጆቹን ሲያይ ቆየና «ሂድ ዋኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለኝ። እናቴ አይሆንም ብላ ነበር፤ እሱ ወንድ ልጅ ነው ይልመድ ብሎ ፈቀደለት። ይህን ከ40 ዓመት በላይ ለብቻው ይዞት ኖሯል። አባቴን ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ እያልኩ ሳድግ፣ እሱ ደግሞ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ እያለ ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድር ነበር። ያን ቀን ማታ የወንድሜን ስም ሦስት ጊዜ ጠራው። ከዚያ በፊት ከአባቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ