አሥራ አራት ታሪኮች ደሴ ላይ ተቀምጠዋል፤ አብረን እናሳትማቸው

ሰላም ለሁላችሁም።

በቀጥታ ልጀምር፤ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ፣ ከዚያ የፈቀዳችሁትን ታደርጋላችሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ትንሽ ቡና ቤት አለ። ከኋላው አንዲት ክፍል አለችው። ወደ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚያ እንሰበሰባለን። የቤቱ ባለቤት፣ እኛ እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ክፍሏን በነፃ ነው የሰጡን፤ የምንከፍለው የጠጣነውን ቡና ብቻ ነው። አንድ ሰው የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ ያነባል። ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ሲያልቅ ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም፤ የሰለቸን ቦታ ላይ ሰለቸን እንላለን፣ የነካን ቦታ ላይ ነካን እንላለን፣ ጸሐፊውም ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ መልስ አይሰጥም። ከዚያ ቤቱ ሄዶ እንደገና ይጽፋል። ስድስት ሰባት ጊዜ የተጻፈ ታሪክ አለን።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ተበታትነን ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሄደም፣ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠም ነበር። ደብተሩን ጥሎ የወጣ፣ ተመልሶም ያላገኘው አለ። ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ያንን የጠፋውን ታሪክ እሱ ከሚያስታውሰውና እኛ ሲያነብ ከሰማነው እየለቃቀምን እንደገና ማስጻፍ ነበር። ያ ታሪክ አሁን ከ14ቱ አንዱ ነው።

አዎ፣ 14 አጫጭር ልብ ወለዶች አሉን። የ14 ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ በስተቀር አንዳቸውም ከዚህ በፊት አንዲት ገጽ እንኳ አሳትመው አያውቁም። ስለ ሦስቱ ብቻ ልንገራችሁ። አንዱን የጻፈው ባጃጅ ሹፌር ነው። ደብተሩ ከመቀመጫው ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ተራ እየጠበቀ ይጽፋል። ታሪኩ በየቀኑ ባጃጅ ተሳፍሮ ከተማውን ከዞረ በኋላ የተነሣበት ቦታ ላይ ስለሚወርድ ሰውዬ ነው። ሁለተኛዋ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ስልኳ ላይ የጻፈች ልጅ ናት። የታሪኳ ገጸ ባሕርይ የምታጸዳቸውን ክፍሎች በሙሉ በቀዬዋ መንደሮች ስም ትጠራቸዋለች፤ ሳሎኑ የገበያው ሜዳ ነው፣ የልጆቹ ክፍል የእናቷ ጓሮ ነው። ሦስተኛው 61 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ በጥገና ሥራ ነው፤ የጻፉትም ስለዚያ መንገድ ነው። ጀማሪ ደራሲ ሲባል ሁልጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ለምን እንደሚታሰበን አላውቅም። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለመጻፍ ጊዜ አልነበራቸውም፣ በቃ።

አሁን ጥያቄው እነዚህ ታሪኮች የት ይሂዱ ነው።

የራሴን ላውራችሁ፤ ይህን ሁሉ የጀመረው እሱ ነው። በ2010 ዓ.ም. የአጭር ልብ ወለድ መድበሌን ይዤ በሌሊት አውቶብስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ። አንድ አሳታሚ ጋ ሄድኩ። ረቂቁን ተቀበሉኝ፤ ስምንት ወር ጠብቄ ስደውል ‹‹አጭር ልብ ወለድ አይሸጥም፣ ደግሞ ስምሽ አይታወቅም›› አሉኝ። እንዳላነበቡት ያወቅሁት ስቀበላቸው ነው፤ ያሰርኩበት ክር እንኳ አልተፈታም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ተበደርኩ። ወንድሜም ከደመወዙ ቆርጦ ሰጠኝ። ማተሚያ ቤት ከፍዬ 1,000 ኮፒ አስወጣሁ። አርታኢ አላየውም፣ የእርማት ንባብም አልተደረገለትም፤ ለእሱ የሚሆን ብር አልቀረኝም ነበር። መጽሐፉን ገና ስገልጠው ሦስተኛው ገጽ ላይ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም በሁለት ዓይነት ተጽፎ አየሁት። ከዚያ አንድ አከፋፋይ ሸጬ እከፍልሻለሁ ብሎ 400 ኮፒ ወሰደ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ስልክ ያነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ አቆመ። የቀረውን ራሴ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው እየዞርኩ ሸጥኩት። ዕዳዬን ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ሦስቱን ዓመት አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

ከማተሚያ ቤቱ ክፍያ በላይ ያስከፈለኝ ያ ሦስት ዓመት ነው። በዚህ መንገድ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ሁለተኛውን ያልጻፈ ሰው ስንት እንዳለ አስቡት። የመጀመሪያ መጽሐፍ ማሳተም አለመቻል ያሳዝናል፤ አሳትሞ በዕዳና በስሕተት መመታት ግን ጭራሽ ከብዕር ያፋታል።

ድሮ እንዴት ነበር የሚል ካለ፣ መነንና የካቲት መጽሔቶች አጭር ልብ ወለድ ያወጡ ነበር። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ የብዙ ደራስያንን ታሪኮች በአንድ ሰብስቦ መድበል ያሳትም ነበር። የዚያን ዘመን ሳንሱር ግን ማንም አይመኝም። ኩራዝ ያሳተመው ኦሮማይ ከገበያ ተለቅሞ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። እኔ የምናፍቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረቂቅን ተቀብሎ አንብቦ፣ እዚህ ጋ አሳጥር እዚህ ጋ አስፋ ብሎ የሚመልስ ሰው ያለበት ቤት።

ግጥም ዛሬ መድረክ አለው። ራስ ሆቴል በግጥም በጃዝ ምሽት ስሙ የማይታወቅ ልጅ ወጥቶ አንብቦ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብለት አይቻለሁ፤ በጣም ደስ ይላል። አጭር ልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለ ቦታ የለውም። ያለው ቴሌግራም ነው። ‹‹ክፍል 1፣ ክፍል 2፣ ይቀጥላል›› እየተባለ በብዙ ሺህ ሰው የሚነበብ ታሪክ እዚያ አለ፤ አልንቀውም። እዚያ የሚጽፉ ልጆች አንባቢን ይዞ መቆየት ከማናችንም በላይ ያውቁበታል። ግን አርታኢ የላቸውም፣ ክፍያም የላቸውም፣ ታሪኩ ከተወደደ ደግሞ በማግሥቱ ስማቸው ተፍቆ ሌላ ቻናል ላይ ያገኙታል።

ያሰብነው እንግዲህ ይህ ነው። አሥራ አራቱን ታሪኮች በአንድ መድበል 1,000 ኮፒ እናሳትማለን። ከሽያጩ የሚመለሰው ብር ለማንም አይከፋፈልም፤ ወደ ሣጥኑ ተመልሶ የሚቀጥለውን ጀማሪ መጽሐፍ ያሳትማል። ያም ሲሸጥ ቀጣዩን። ዕቁብ እንደማለት ነው፤ ልዩነቱ ዕጣው በጽሑፉ ጥራት መውጣቱ ነው። ከደሴ ውጭ ያለ ሰውም ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ረቂቅ መላክ ይችላል።

ወጪው 420,000 ብር ነው። ኅትመቱ 250,000፣ አርትዖትና እርማት 60,000፣ ሽፋንና ሌይአውት 30,000፣ ማጓጓዣና ማከፋፈያ 20,000፣ ትርጉም 60,000። እኛ በሁለት ዓመት ውስጥ በየወሩ እያዋጣን 96,000 ብር አጠራቅመናል። የቀረን 324,000 ነው።

የአርትዖቱ ብር በዛ የሚል ሰው ይኖራል፤ ከእኛም መካከል ያለ ሰው ነበር። እኔ ከዚያ ላይ አንዲት ሳንቲም እንዳይነካ ተከራክሬያለሁ። ኅትመት በሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል፣ ሽፋንም ይቀየራል። ባለሙያ አርታኢ አጠገቡ ተቀምጦ ዓረፍተ ነገሩን የፈታለት ጀማሪ ግን ያንን ትምህርት ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ረቂቁን አርሞ ለሚመልስ ብቻ አንከፍልም፤ አርታኢው ሁለት ቅዳሜ ደሴ መጥቶ ከእያንዳንዱ ጸሐፊ ጋር እንዲቀመጥ ነው የምንከፍለው።

ትርጉሙስ ለምን? ይህንንም ላስረዳ። ከአሥራ አራቱ ሦስቱን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመን ከአገር ውጭ ላሉ መጽሔቶች መላክ እንፈልጋለን። ለአፍሪካ ጸሐፊዎች አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠው የኬን ሽልማት ሥራዎችን ሲቀበል የኖረው ከ3,000 እስከ 10,000 ቃላት ካላቸው በእንግሊዝኛ ከታተሙ አጫጭር ልብ ወለዶች ነው፤ ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ የታተመም ይገባል። በ2021 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው ሜሮን ሃደሮ ናት፤ በኢትዮጵያ ተወልዳ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ። እሷ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን በሩ ያለ ተርጓሚ አይከፈትም። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ደግሞ ለአባል አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም። ይህን የምጽፈው ልጆች በየጊዜው እያዩት ስለሚጓጉና ጊዜያቸው በከንቱ ስለሚባክን ነው።

ከገንዘቡ ጎን ለጎን ለጸሐፊዎቹ የምናስተምራቸው ነገሮች አሉ፤ ለእናንተም ይጠቅማችሁ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፍህ ከጻፍከው ጊዜ አንሥቶ ያንተ ነው፤ መብቱን ለማግኘት መጀመሪያ ማስመዝገብ የለብህም። መብቱም ደራሲው ካለፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። መብትህን ለአሳታሚ ስትሰጥ በጽሑፍ ይሁን። በቃል ‹‹እንስማማለን›› የሚል ሰው ጋ አትስማማ። ለአከፋፋይም እንደዚያው፤ ስንት ኮፒ እንደወሰደ፣ በስንት ቅናሽ፣ መቼ እንደሚከፍል የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አስፈርሙ። እኔ ያንን አንድ ገጽ አስፈርሜ ቢሆን ኖሮ የ400 መጽሐፍ ገንዘብ የምጠይቅበት ማስረጃ ይኖረኝ ነበር። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ አይ ኤስ ቢ ኤን የምንለውን፣ የሚሰጠው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር ነው። 978-99944 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ የኢትዮጵያ ነው። ‹‹እኔ አወጣልሃለሁ፣ ክፈለኝ›› የሚል ደላላ አያስፈልጋችሁም።

ወደ ልመናችን ልመለስ። የሒሳብ ቁጥሩና የቴሌብሩ ቁጥር ከዚህ ጽሑፍ ጋር ባያያዝነው ምስል ላይ አለ። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ስም ነው የተከፈተው፤ ሦስቱም ካልፈረሙ ብር አይወጣም። በየወሩ መጨረሻ የገባውንና የወጣውን ከደረሰኙ ጋር ፎቶ አንሥተን እዚሁ እናወጣለን። 50 ብርም ይመዘገባል፣ 5,000ም ይመዘገባል። ስማችሁ እንዲጠቀስ የማትፈልጉ ንገሩን። እስከ መጋቢት መጨረሻ የሚፈለገው ባይሞላ ኮፒውን ወደ 500 ዝቅ አድርገን እናሳትማለን እንጂ ብሩን ይዘን አንቀመጥም።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ዋሽንግተንም ሆናችሁ ቴል አቪቭ፣ ዱባይም ሆናችሁ ፍራንክፈርት፣ ከእናንተ ብር ብቻ አይደለም የምንፈልገው። መጽሐፉ ሲወጣ ከአዲስ አበባ የሚመለስ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ አምስት አምስት ኮፒ ቢይዝልን፣ እናንተም ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲወጡ፣ አበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ለሚያነብ ሰው ብታደርሱልን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የፖስታ ክፍያ ከመጽሐፉ ዋጋ ስለሚበልጥ ሌላ መንገድ የለንም። በአረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶቻችን ግን ገንዘብ ላኩ አልላችሁም፤ የእናንተን ብር የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እናንተ የጻፋችሁትን ላኩልን። ስልክ ላይ ቢሆን፣ በድምፅ የተቀዳ ቢሆን፣ ፊደሉ የተሳሳተ ቢሆን ግድ የለም፤ ቁጭ ብለን እንገለብጠዋለን።

ብር የሌለው ሰው ደግሞ እንዲህ ያግዘን። ጡረታ የወጣችሁ የአማርኛ መምህራን ካላችሁ ለእርማት ንባብ ዓይናችሁን አበድሩን። የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ያላችሁ ላኩልን፤ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡት ከፍለው ነው። ድምፃችሁ የሚያምር ሰዎች ደግሞ ታሪኮቹን ብትተርኩልን ደስ ይለናል። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰምቶታል፤ እናቴ ፊደል ሳትቆጥር በዛብህና ሰብለን የምታውቃቸው በዚያ ነው።

ደሴ የምትመጡ ከሆነ ቅዳሜ ብቅ በሉ። ፒያሳ ደርሳችሁ ቅዳሜ የሚነበብበት ቡና ቤት የት ነው ብትሉ ባጃጆቹ ያሳዩዋችኋል። በዚህ ሳምንት የሚያነቡት የአሰቡን መንገድ የጻፉት አባታችን ናቸው፤ መጨረሻውን ለአራተኛ ጊዜ ቀይረውታል፣ እኛም ገና አልሰማነውም።