አንዲት ነጥብ

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ድምፃችን ከተጠፋፋ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔም እንዳንተው ጠፍቻለሁና አልወቅስህም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ያራራቀን ነገር ምን እንደሆነ ስለገባኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የአማርኛ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ጠብቀውና ላልተው የሚነበቡ ቃላት። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ በዓሉ። ና ላይ ስትደርስ ምላሷን ከላይ ጥርሷ ሥር ለጥፋ ትንሽ ታቆይና ትለቀዋለች። ማጥበቅ ማለት ይኸው ነው፤ መጮህ ሳይሆን ድምፁን ይዞ ማቆየት። ቀጥላ «ይሰማል» ስትል ክው አልኩ።

አባባ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ ዕለት ማታ የላክሁልህን መልእክት ታስታውሳለህ? «ደህና ናቸው፤ ግን አይሰሙም» ነበር ያልኩህ። በእኔ ልብ ሰም ሙም ጠብቀዋል፤ ሲናገሩ ድምፃቸው አይወጣም ማለቴ ነው። አንተ አላልተህ አነበብከው፤ የሰው ምክር አይሰሙም ብዬ ያማኋቸው መሰለህ። «በዚህ ቀን አባቴን እንዲህ ትላለህ?» አልከኝ። እኔም ምን በደልኩ ብዬ አኮረፍኩ። መደወል ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በአፌ ብነግርህ ጆሮህ ወዲያው ይለየው ነበር፤ ፊደላችን ግን የጠበቀውን ከላላው አይለይም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ነጥብ አኑረዋል። ልማዱ ሳይስፋፋ ቀረ። ያን ማታ ለእኔና ለአንተ አንዲት ነጥብ ትበቃን ነበር።

ደግሞ ይህን ስማ። ስለ ፊደል «ይጠብቃል» ስንል ብ ላልታ ነው የምትነገረው። ብን አጥብቃት እስቲ፤ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ልጄ ከተኛች በኋላ ሁለቱን እያፈራረቅሁ ለብቻዬ ስል አመሸሁ።

ለፋሲካ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ። እጠብቅሃለሁ። እንዳትሳሳት ብ አናት ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጌባታለሁ።

ወንድምህ