«ኪቦርዱን አንነካውም» ብላችሁ የነካችሁት ስልኬን ይመለከታል

ለጥገና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሰው ኮምፒውተር ነው። በራሴ ስልክ፣ እንደ ትንሽ ላፕቶፕ ተከፍቶ ውስጡ ኪቦርድና ሰፊ ስክሪን ባለው ኖኪያ 9210 ልጽፈው ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ደብዳቤዬን ሁሉ የጻፍኩት በእሱ ነው። አሁን ግን ስፔሱን አንዴ ስጫነው ሁለቴ ይዘላል። «ኤን» የምትለዋ ፊደል ደግሞ ጥፍሬ እስኪነጣ ካልተጫንኳት አትወጣም። ስልኩን ለእናንተ ስሰጥ ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አልደግመውም። አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ መዝገባችሁ ላይ አለ። የምጽፈው ስለገባችሁልኝ አንድ ቃል ነው።

ስልኩን ያመጣሁት የውስጡ ስክሪን እየጠፋ ስላስቸገረኝ ነው። ክዳኑን እስከ ግማሽ ስከፍተው ይበራል፣ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ድርግም ብሎ ይጠፋል። በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ፍሌክስ ኬብል (ስስ ተጣጣፊ ሽቦ) ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፤ ዕድሜው ሲገፋ ይሰነጠቃል። ይህንንም መቀበያው ላይ ላለችው ልጅ አስረድቻታለሁ። ከዚያ «ልጄ፣ ኪቦርዱ ምንም አልሆነም፣ አደራ እንዳይነካ» አልኳት።

«አይዞዎት አባቴ፣ ኪቦርዱን አንነካውም። መክፈት ግድ ከሆነም ቀድመን እንደውልልዎታለን» አለችኝ።

ጻፊልኝ አልኳት። ጻፈችልኝ። ደረሰኙ ላይ በእጇ ጽሑፍ «ኪቦርድ አይነካም። ከመክፈት በፊት ለደንበኛው ይደወል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዋ አለ። ቅጂውን አያይዣለሁ። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ በትሕትና ነው ያስተናገደችኝ። የምወቅሰው ጽሑፏን ያላነበበውን ነው።

አልተደወለልኝም። ለአሥራ አንድ ቀን ተለዋጭ ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ጠበቅኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ስልክዎ ተጠግኗል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ መጣሁ። አንድ ወጣት ቴክኒሺያን ስልኩን በፌስታል ይዞ ወጣ። ከፈትኩት። ስክሪኑ በርቷል፣ ይህን አልክድም፤ ጥሩ ሠርታችሁታል። ከዚያ አንድ ቃል ልጽፍ ጣቴን አሳረፍኩ። ገና ሲነካኝ አወቅኩት። ቁልፎቹ ከፍ ዝቅ ብለዋል፣ ስፔሱ በአንድ ጎኑ ተነስቷል።

«ኪቦርዱን ከፍታችሁታል?» አልኩት።

«አዎ፣ ውስጡን አጽድተንልዎታል። በነፃ ነው።»

«ማን አጽዱ አላችሁ? ደረሰኙን አላየኸውም?»

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ዕቃ ነው። አሁን በዚህ ማን ይጽፋል? ለምን አንድ ስማርት ፎን አይገዙም?»

ወረፋ ይዘው የቆሙት ሳቁ። «እኔ እጽፍበታለሁ» አልኩት። «እንግዲያ ይልመዱታ!» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

ምኑን ነው የምለምደው? ይህን ስልክ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ2001፣ በወጣበት ዓመት ነው። ጠረጴዛ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ኪቦርዱን ሳላይ እጽፋለሁ። ጣቶቼ እያንዳንዷን ፊደል በቦታዋ ያውቋታል። ልጆቼ ስማርት ፎን ገዝተውልኛል፣ ሞክሬዋለሁ። መስታወት ላይ ጣቴ ምን እንደነካ አያውቅም። እዚህ ግን ቁልፉ ሲወርድና ሲመለስ ይሰማኛል፤ ስሳሳት እንኳ ቀድሞ የሚነግረኝ ጣቴ ነው። ያንን ነው ያበላሻችሁብኝ።

ካነሳሁት አይቀር ሌላም አለ። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉን «ኖኪያ 9000» ብላችሁ መዝግባችሁታል። 9000 እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው፣ 397 ግራም የሚመዝነውና ስክሪኑ ቀለም የሌለው ነው። የእኔ 9210 ነው። ክብደቱ 244 ግራም ነው፣ የውስጡ ስክሪን ባለቀለም ነው፣ የሚሠራውም ሲምቢያን በሚባለው የስልክ ሶፍትዌር ነው። የያዘውን ስልክ ለይቶ የማያውቅ ሰው ብሎኑን እንዴት በቦታው ይመልሳል?

በመሃል ልጠይቅ ስመጣ ደግሞ «የጆሮው ስፒከርም ሞቷል፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው» ተባልኩ። ደንግጬ አምጡት አልኩ። ለካስ ባለሙያችሁ በውጭ ያሉትን የቁጥር ቁልፎች በኩል ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው ድምፅ ያጣው። የዚህ ስልክ ማዳመጫና ማይክ በጀርባው በኩል ነው። ቁጥር ከተመታ በኋላ ይገለበጣል፣ ጀርባው ወደ ጆሮ ይዞራል፤ አለዚያም ክዳኑ ሲከፈት በላውድ ስፒከር ያወራል። ገልብጬ አሳየሁት፣ ሠራ። ያን ቀን ይቅርታ እንኳ አልተጠየቅኩም። ያን ቀን ባልመጣ ኖሮ ያልተበላሸ ስፒከር ልታስከፍሉኝ ነበር።

ቻርጀሬም ተቀይሯል። የሰጠኋችሁ ወፍራሙ ፒን ያለውን ነው፣ የተመለሰልኝ ቀጭኑ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ይገባል እንጂ አይነካም፣ ኃይልም አይሞላም።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ትናንት የሰማሁት ግን ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሁለት ጊዜ «ነገ ይምጡ፣ ቴክኒሺያኑ የለም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ትናንት ኃላፊ ነኝ ያሉኝ ሰውዬ ደረሰኙን ተቀብለው አነበቡና እንዲህ አሉኝ፦ «ይኸው፣ ኪቦርድ አይነካም ይላል። ስለዚህ አልነካነውም። ያልነካነው ላይ ዋስትና የለንም።»

ደግሜ ጠየቅኳቸው። ደግመው ያንኑ አሉኝ። «ቴክኒሺያናችሁ በገዛ አፉ አጽድተነዋል ብሎኛል እኮ» ስላቸው «እሱን የሚያሳይ ወረቀት አለዎት?» አሉኝ። እንዳትነኩብኝ ብዬ ለምኜ ያስጻፍኩት ወረቀት መልሶ እኔኑ መከሰሻ ሆነ። እቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ኪቦርዱ እኔ ባለሁበት፣ በሌላ ባለሙያ እጅ ተከፍቶ ይስተካከል፤ ሳንቲም አልከፍልም። ቻርጀሬ ይመለስ። ከትናንት በፊት ቢሆን በዚህ እበቃ ነበር። አሁን ግን ለስክሪኑ የከፈልኩትም እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም አንዱን አድናችሁ ሌላውን ገድላችኋል። ቴክኒሺያኑም በዚያው ባንኮኒ ፊት፣ ሰው በተሰለፈበት ሰዓት ይቅርታ ይጠይቀኝ። ሲስቁብኝ የነበረው እዚያ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙን ይዤ ለሸማቾች መብት አቤት እላለሁ። የጻፈችውን ልጅም ምስክር አድርጌ እጠራታለሁ፣ የምትዋሽ አትመስለኝም።

ስመጣ እዚያው ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ አንድ ገጽ እጽፍበታለሁ። ስፔሱ አንዴ ሲጫኑት አንዴ ከዘለለ፣ «ኤን»ም ሳልታገላት ከወጣች ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የኖኪያ 9210 ባለቤት

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂ