ዊልቸሩ አለ፣ ዌብሳይታችን ግን ደብቆታል፦ ለድሬ ልጆች የድጋፍ ጥሪ

ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም፣ ብር ልንጠይቃችሁ ነው። ደግሞ ለዊልቸር አይደለም፣ ለክራንችም አይደለም፤ ለዌብሳይት ነው። «በዚህ ኑሮ ላይ ለዌብሳይት?» ብላችሁ ፊታችሁ ሲቀያየር ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ግድ የለም፣ አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ለማታውቁን፣ እዚሁ ድሬዳዋ ያለን ማኅበር ነን፣ ሥራችን ማዋስ ነው። ዊልቸር፣ ክራንች፣ የሕመምተኛ አልጋ፣ ሲገኝም የኦክስጅን ማሽን። በነጻ ነው የምናውሰው። ሕመምተኛው ሲሻለው ወይም ፈጣሪ ሲወስደው ዕቃው ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ጎማው ይታያል፣ ለሌላ ቤት ይሄዳል። ዕቃውን የሰጣችሁን እናንተው ናችሁ፤ ከከዚራ፣ ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከጅቡቲም ከባሕር ማዶም። ስለዚህ መጋዘኑ ባዶ አይደለም። ዛሬ እንኳ ሰው የማይጠይቃቸው ዊልቸሮች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ እናቱን በላስቲክ ወንበር ተሸክሞ የሚያወጣ ሰው አለ። እኛን የሚያንገበግበን ይሄ ነው።

መሐላቸው ያለው ዌብሳይታችን ነው። ከድል ጮራ ሆስፒታል አባቱን ደግፎ የወጣ ሰው አስቡ። ዊልቸር እንደሚያስፈልግ ተነግሮታል። ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀው ነው፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ ዳታውም ትንሽ ናት። ይሄ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ዊልቸር አለ ወይ፣ የት ነው፣ ምን ይዤ ልምጣ የሚለውን ብቻ ነው። የእኛ ገጽ ግን መጀመሪያ የሚያሳየው ሪባን ሲቆረጥ የተነሣ ትልቅ ፎቶ ነው። ከዚያ ራእያችን። ከዚያ ተልእኳችን። ከዚያ የክብር እንግዶች መልእክት። አቦ፣ ባጃጅ እያስጠበቀ ራእይ የሚያነብ ማን ነው?

ገጹን የሠራልን ልጅ በነጻ ነው የሠራው፣ ውለታ ቢስ አያድርገን። በጊዜው አንድም ነገር አልነበረንም፣ እሱ ነው ሰው ያደረገን። ይሄ ጽሑፍ እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ ራሱ አንብቦት እሺ ብሏል። ጉዳዩ ገጹ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጠቀምበት ሰው ፊት ተቀምጦ አለመታየቱ ነው፣ እና ይሄ እኛ ጋ ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

አሁን አየነው። ዘዴው ቀላል ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል። ለሰውየው ስልክ ትሰጡታላችሁ፣ «እናትዎ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል እንበል፣ እስቲ በዚህ ዊልቸር ይዋሱ» ትሉታላችሁ፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው ነው የሚከብደው። እጃችሁ «እዚያ ጋ ይንኩት» ሊል ይቃጣዋል። «ገጹ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ እኛ ሰዎች ይሉኝታ አለን፣ ቡና ያጠጣን ሰው ፊት ላይ ዌብሳይትህ አይረባም አንልም፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለን እንሄዳለን። ስለዚህ አፍ ሳይሆን ጣት ነው የሚታየው።

ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት የዊልቸሩን ፎቶ ነኩት። ደግመው ነኩት። ጠንከር አድርገው ነኩት፣ ስልኩን አዙረው አዩት፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንደገና ነኩት። ፎቶው ባዶ ፎቶ ነው፣ የትም አይወስድም። የሚወስደው ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈች ቀጭን መስመር ናት። እሳቸው ግን «እጄ ደረቅ ስለሆነ ነው መሰል» አሉ። ጥፋቱን ራሳቸው ላይ አደረጉት! ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ አፈርን።

የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አባት ደግሞ ፎርሙ ጋ ደረሱ፣ ጎበዝ። እዚያ ፈተናው ጀመረ። ፎርሙ የሚጠይቀው የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባለው የአባታቸው ይሁን የአያታቸው አልገባቸውም፣ እንዴትስ ይግባቸው? ቀጥሎ ዚፕ ኮድ፣ የሰፈር የፖስታ ቁጥር ማለት ነው፣ ይላል፣ ያለሱ አያሳልፍም። ድሬ ውስጥ ቤቱን በዚፕ ኮድ የሚናገር ሰው ካያችሁ ንገሩን። ቀበሌያቸውን ጻፉ፣ አልተቀበለም። ስልካቸውን በ09 ጀምረው ጻፉ፣ በቀይ ቀለም እንግሊዝኛ ወጣባቸው። ገጹ በ+251 ነው የሚፈልገው፣ ግን የትም ቦታ አልተናገረም። የልደት ዓመታቸውን እንደኛ አቆጣጠር 1948 ብለው መረጡ፣ ገጹ የፈረንጅ መስሎት ሰባት ስምንት ዓመት አስረጃቸው። እዚህ ላይ እሳቸውም ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ቁም ነገሩ ግን፣ ዊልቸር ለማዋስ የልደት ዓመት ለምን አስፈለገን? ማንም መልስ የለውም። ያ ጥያቄ ይጠፋል፣ ለመጥፋት ደግሞ ብር አይጠይቅም።

አንድ የባጃጅ ሹፌር በረንዳ ላይ ሆኖ ሞከረው። የድሬን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ጽሑፋችን በነጭ ላይ ግራጫ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ሲታይ ዘመናዊ ይመስላል፣ ውጭ ሲወጣ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። መዳፉን ኮፍያ አድርጎ ጥቂት ታገለና ስልኩን መለሰልን። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና ከኋላው ባለው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የድምቀት ልዩነት ይጠይቃል። የእኛ ግራጫ ከዚያ በታች ነው። አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ደግሞ ገጻችንን በቶክባክ ከፈተው፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም ማለት ነው። ስልኩ «ስያሜ የሌለው ቁልፍ፣ ስያሜ የሌለው ቁልፍ» እያለ ሲደጋግምበት ቆየ። ከኋላቸው ስም ያልተጻፈባቸው ሥዕላዊ ቁልፎች ናቸው። አካል ጉዳተኛን ለማገልገል የቆመ ማኅበር ገጽ ማለት ይሄ ነው። ሶማሊኛ የሚናገሩ አንዲት እናት ደግሞ ገጹን አንድ ጊዜ አይተው ስልኩን ለልጃቸው ሰጡት፣ ስለ እሳቸው ሌላ የሚባል የለም። በዚች ከተማ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፍ ማለት ግማሹን ሰው በር ላይ ማቆም ነው፤ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የግድ ናቸው።

አምስት ሰው ብቻ አይታችሁ ነው እንዴ ብር የምትጠይቁት የሚል አይጠፋም። አዎ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል፣ ዌብሳይት ለተጠቃሚ ይመች እንደሆነ የማየት ሙያ አንጋፋ በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አምስት ሰው መሞከር ብቻውን በአማካይ 85 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣል። ምክሩ ደግሞ 15 ሰው በአንዴ ከመሰብሰብ አምስት አምስት እያደረጉ ሦስት ዙር መሄድ ነው፤ አንዱን ዙር ታያለህ፣ ታስተካክላለህ፣ እንደገና ታያለህ። እኛም ልንሠራ ያሰብነው ይሄንኑ ነው። የሚያብረቀርቅ አዲስ ዌብሳይት አናሠራም። ያለውን እንጠግናለን።

ልትሰጡን የፈለጋችሁትንም ገጹ መልሷችኋል፣ ይሄን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ገጹ ላይ ያለው በፎቶ ነው። 13 አኃዝ! ኮፒ አይደረግም። ሰው ወረቀት ፈልጎ ይገለብጣል፣ ከዜሮዎቹ አንዷን ይዘላል፣ ብሩ አልሄድ ይለዋል፣ ነገ እልካለሁ ይላል። ነገ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ፊደል የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጽሑፍን በፎቶ የምንለጥፍበት ምክንያት ካለቀ ቆይቷል። ማስታወቂያዎቻችንም እንዲሁ ፎቶ ስለሆኑ ጎግል አያያቸውም፣ «ድሬዳዋ ዊልቸር» ብሎ የሚፈልግ ሰው እኛን አያገኝም። ቴሌብርም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ገጻችን ግን ገና አልሰማም።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ። የምንፈልገው 240,000 ብር ነው። ግማሹ፣ 120,000 ብር፣ ሁለት ወር ለሚሠራ ፕሮግራመር ነው። ልጁ እዚሁ ድሬ ያለ ነው፣ ዋጋውንም ለእኛ ብሎ ቀንሶታል። 45,000 ብር ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ ትርጉም፣ በተጨማሪም ማንበብ ለማይችል ሰው ዋና ዋናውን በድምፅ ለመቅዳት ነው። ለሦስቱ ዙር ሙከራ 30,000 ብር ይዘናል፤ ለሚመጡት ሰዎች የትራንስፖርትና የውሎ፣ ሥራቸውን ትተው ነውና የሚመጡት። ለሁለት ዓመት ሰርቨርና የገጹ አድራሻ 25,000፣ ላልታሰበ ነገር 20,000። ያልታሰበው ካልመጣ ለዊልቸር ጎማ ይውላል፣ ጎማ ሁልጊዜ ያልቃል።

ለምን ካለው ገንዘብ አትነኩም ለሚል፣ ያለው ገንዘብ ለዕቃ ተብሎ የተሰጠ ነው። ለዊልቸር ብሎ የሰጠ ሰው ብሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እንዲያገኘው አንፈልግም። በዚያ ላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ እኛ ከዚያም በጣም ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው፣ እንደዚያው መቀጠል እንፈልጋለን። ስለዚህ ይሄ መዋጮ ለብቻው ነው፣ ሒሳቡም ለብቻው ይያዛል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

ብሩ ሥራ ላይ መዋሉን በምን ታውቃላችሁ? ፎቶ ለጥፈን «ተጠናቀቀ» አንላችሁም። ጆን ብሩክ የሚባል ሰው በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ አንድ ነገር ለተጠቃሚ ምን ያህል እንደሚመች ከ100 ነጥብ ይሰጣል፣ አማካዩ 68 አካባቢ ነው። እሱን በአማርኛ አድርገን ከጥገናው በፊትና በኋላ ሰዎች እንዲሞሉት እናደርጋለን፣ ሁለቱንም ውጤት እናወጣለን፣ ዝቅ ቢልም እናወጣለን። ሌላው መለኪያ ይበልጥ ቀላል ነው፦ ያቺ ታይዋን ያሉት እናት ማንም ሳይነግራቸው ዊልቸር ጠይቀው መጨረስ አለባቸው። ገጹም መክሳት አለበት። አሁን መግቢያው ብቻ ከ9 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ሁሉም የሪባን ፎቶ ነው፤ ፎቶዎቹን መጭመቅ ብቻ አብዛኛውን ያወርደዋል።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። የባንክ ሒሳቡና የቴሌብር ቁጥሩ ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ከላይ ተሰክተዋል፣ በጽሑፍ ነው፣ ተጭናችሁ ኮፒ ታደርጋላችሁ። ሁለቱም በማኅበሩ ስም ነው የተከፈቱት። በግለሰብ ስም «ለማኅበሩ ነው» ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ አትላኩ፣ ለእኛም ንገሩን። ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «ገጽ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ከዕቃው ብር ጋር እንዳይቀላቀል። 50 ብርም ብር ነው። ለአንድ ሰው የሙከራ ቀን ትራንስፖርት ይሆናል።

ብር የሌለው ደግሞ ባዶ እጁን አይደለም። አሮጌ ስማርት ስልክ ካላችሁ፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም፣ አምጡልን፤ ገጹን መሞከር ያለብን ሰው በያዘው ስልክ ላይ ነው፣ ፕሮግራመሩ በያዘው ላይ አይደለም። ሶማሊኛ ወይም አፋን ኦሮሞ አጥርታችሁ የምትናገሩና ድምፃችሁ ደስ የሚል፣ ለቀረጻው እንፈልጋችኋለን። ስልክ ብዙም የማይነካ እናት፣ አባት፣ አጎት ያላችሁ ደግሞ እነሱን አምጡልን። «እኔ ምን አውቃለሁ» የሚል ሰው ነው በጣም የሚጠቅመን። በቴክኖሎጂ የተካናችሁ ቅር እንዳይላችሁ፣ እናንተን በኋላ።

ቢሮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ጠዋት ጠዋት ክፍት ነው፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት ጀምሮም አለን። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባሉት ሰዓታት አትምጡ፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ማንም አይከፍትላችሁም።